ላፕቶፑ አዲስ፣ ስህተቱ አሮጌ፦ ኮሮች ለምን እኩል አያዩም?

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ካፌዎች ሶፍትዌር የሚሠሩ ወጣቶች ሲሰበሰቡ ደጋግሞ የሚነሳ ጉዳይ አለ። በአርም ፕሮሰሰር የሚሠሩት አዳዲስ ላፕቶፖችና በኪራይ የሚገኙት የአርም ሰርቨሮች ያስተማምናሉ ወይ? አንዱ «ባትሪው ቀን ሙሉ ይቆያል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ይላል። ሌላው «የእኛ ፕሮግራም እዚያ ላይ አንዳንዴ ስታክ ያደርጋል፣ ቺፑ ችግር አለበት» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ጥፋቱን ጠቅልሎ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ለሊነክስ ይሰጣል።

ሦስቱም የዘለሉት ነገር አለ። ጥያቄው ስለ ቺፑ ብራንድ አይደለም። አንድ ኮር፣ ማለትም በቺፑ ውስጥ ትእዛዝ ከሚፈጽሙት ክፍሎች አንዱ፣ የጻፈውን ሌላው ኮር መቼ ያየዋል? በምንስ ቅደም ተከተል? ባለሙያዎች ይህን ሜሞሪ ኦርደሪንግ ይሉታል። ሜሞሪ ላይ የሚደረጉ ንባቦችና ጽሑፎች ለሌሎች ኮሮች የሚታዩበት ቅደም ተከተል ማለት ነው። ጉዳዩ በጣም የሚከረው ደግሞ በከርነሉ፣ ማለትም ሃርድዌሩን በሚያስተዳድረው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ስኬጁለር ውስጥ ነው። ስኬጁለር የትኛው ሥራ፣ በየትኛው ኮር ላይ፣ መቼ እንደሚሮጥ የሚወስነው የከርነሉ ክፍል ነው። እሱ ከተሳሳተ ከላይ ያለው ፕሮግራም የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢጻፍ አያድነውም።

(እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወሬው ከየት መጣ?

ለረጅም ጊዜ የላፕቶፕና የሰርቨር ገበያው በአብዛኛው የኢንቴልና የኤኤምዲ ነበር። ሁለቱም ኤክስ86 የሚባለውን ቤተሰብ ይሠራሉ። አማዞን በ2018 ግራቪተን የተባለውን የራሱን የአርም ሰርቨር ቺፕ ለኪራይ አቀረበ። አፕል በ2020 ማክቡኮቹን በኤም1 ወደ አርም አዞረ። በ2024 ደግሞ የኳልኮም ስናፕድራገን ኤክስ ያላቸው የዊንዶውስ ላፕቶፖች ገበያ ገቡ።

ስልኮችማ ድሮም አርም ናቸው። በቴሌብር የምንከፍልበት አንድሮይድ ስልክ ውስጥ የሚሮጠው የሊነክስ ከርነል ነው፤ ብዙውን ጊዜም ስምንት ኮር ላይ። ስለዚህ «አርም ገና አልተፈተነም» የሚለው ወሬ ከኪሳችን ጋር ይጣላል። ያልተፈተነው ሌላ ነው፦ ለዓመታት ኤክስ86 ላይ ብቻ ሲሮጥ የኖረ ኮድ።

«ጻፍኩ» ማለት «ታየ» ማለት አይደለም

ዋናው ሜሞሪ ለኮሩ ሩቅ ነው። ደርሶ ለመመለስ ወደ 100 ናኖሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በ3 ጊጋኸርትዝ የሚሮጥ ኮር በዚህ ጊዜ ውስጥ 300 ዑደት ያሳልፋል። ካሽ፣ ማለትም ኮሩ አጠገብ ያለው ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ፣ ነገሩን ያቀላል። ግን የሚፈለገው ዳታ በሌላ ኮር ካሽ ውስጥ ከተያዘ እሱን ማስለቀቅም ጊዜ ይወስዳል። ኮሩ ቆሞ አይጠብቅም። የሚጽፈውን ስቶር በፈር በሚባል የራሱ ማቆያ ውስጥ ያስቀምጥና ወደሚቀጥለው ትእዛዝ ያልፋል። የኢንቴል ስካይሌክ ኮር ለዚህ 56 ቦታ አለው።

አንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ሁለት መሥሪያ ቤቶችን እናስብ። የሚጋሩት አንድ የስብሰባ አዳራሽ አለ። ደንቡ ቀላል ነው። መጀመሪያ «አዳራሹን ልጠቀም ነው» የሚል ደብዳቤ ለሌላው ጻፍ። ከዚያ ገቢ ደብዳቤህን እይ። ከዚያኛው ወገን የመጣ ከሌለ ግባ። ሁለቱም ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተም መቱ፣ ወጪ ሳጥን ውስጥ አስቀመጡ። ተላላኪው ገና አልመጣም። ሁለቱም ገቢያቸውን አዩ፤ ባዶ ነው። አዳራሹ በር ላይ ተገናኙ። መዝገብ ቢመረመር ማንም ደንብ አልጣሰም። ሁለቱም መጀመሪያ ጽፈዋል፣ ቀጥለው አይተዋል።

ስቶር በፈር ያ የወጪ ሳጥን ነው። ሜሞሪ ባሪየር ደግሞ «የወጪ ሳጥኑ ሳይራገፍ ገቢህን አትይ» የሚል ትእዛዝ ነው። ይህ ሙሉ ባሪየር የሚባለው ነው። ቀለል ያሉም አሉ፤ አንዳንዱ ንባቦችን ብቻ በቅደም ተከተል ያስይዛል፣ አንዳንዱ ጽሑፎችን ብቻ።

ሌስሊ ላምፖርት በ1979 ፕሮግራመር በልቡ ለሚጠብቀው ሁኔታ ስም ሰጠው፦ ሲኩዌንሻል ኮንሲስተንሲ። የሁሉም ኮሮች ሥራ በአንድ ሰልፍ የተፈጸመ መስሎ ይታያል፤ በሰልፉ ውስጥ የእያንዳንዱ ኮር የራሱ ቅደም ተከተል አይዛባም። ዛሬ የምንገዛቸው የተለመዱ ፕሮሰሰሮች ይህን ቃል አይገቡም። ኤክስ86ም ጭምር።

ሌላም ቅደም ተከተል አዛቢ አለ፤ ኮምፓይለሩ። የጻፍነውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲቀይር፣ ለአንድ ትሬድ (በተራ ለሚፈጸም አንድ የትእዛዝ ሰንሰለት) ውጤቱ እስካልተለወጠ ድረስ መስመሮችን ያቀያይራል። ሌላ ኮር እያየ መሆኑን ካልነገሩት አያውቅም።

እንቅልፍና ቅስቀሳ

አሁን ወደ ስኬጁለሩ እንግባ። አንድ ሥራ ዳታ እስኪመጣለት መጠበቅ ሲፈልግ ኮሩን ይዞ አይቆምም፤ ይተኛል። ሲተኛ ሁለት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ «ተኝቻለሁ» የሚል ምልክት በራሱ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ቀጥሎ የሚጠብቀው ነገር መጥቶ እንደሆነ ለመጨረሻ ጊዜ ያያል። ካልመጣ ኮሩን ለሌላ ሥራ ይለቃል።

ሌላ ኮር ላይ ያለው ቀስቃሽ ተቃራኒውን ይሠራል። መጀመሪያ «መጥቷል» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ የተኛ ሥራ እንዳለ ያያል፤ ካለ ይቀሰቅሳል።

ቅደም ተከተሉ በዘፈቀደ አልተመረጠም። ሁለቱም ከማየታቸው በፊት ስለሚጽፉ ቢያንስ አንዱ የሌላውን ማየት አለበት። ወይ የሚተኛው «መጥቷል» የሚለውን አይቶ መተኛቱን ይተዋል፣ ወይ ቀስቃሹ «ተኝቻለሁ» የሚለውን አይቶ ይቀሰቅሳል። ሒሳቡ ወረቀት ላይ ንጹሕ ነው።

ሁለቱ ጽሑፎች በየስቶር በፈራቸው ከቆዩ ግን ሒሳቡ ይፈርሳል። የሚተኛው «አልመጣም» ያያል። ቀስቃሹ «ማንም አልተኛም» ያያል። አንዱ ይተኛል፣ ሌላው ወደ ሥራው ይሄዳል። ይህ የጠፋ ቅስቀሳ ይባላል።

የዚህ ስህተት ክፋት ዱካ አለመተው ነው። ማሽኑ አልወደቀም። ዳታው መጥቷል። ኮሩም ሥራ ፈት ነው። ፕሮግራሙ ግን አይንቀሳቀስም። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ዳታ ሲመጣ ወይም ተጠቃሚው ኪቦርድ ሲነካ በድንገት ይነቃል። «ሲስተሙ ትንሽ ይዞት ነበር» ተብሎ ይታለፋል። ማን ይመዘግበዋል?

የሊነክስ መልስ ባሪየር በሁለቱም በኩል ማድረግ ነው። የሚተኛው ሥራ ሁኔታውን የሚጽፍበት ተግባር ሙሉ ባሪየር በውስጡ ይዟል፤ ኤክስ86 ላይ ይህ በአንድ የመለዋወጥ ትእዛዝ ይፈጸማል። ቀስቃሹ ደግሞ የሥራውን ሎክ (በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ እንዲነካው የሚያደርግ ቁልፍ) ከያዘ በኋላ፣ ሁኔታውን ከማየቱ በፊት፣ ሌላ ሙሉ ባሪየር ያልፋል። በአንድ በኩል ብቻ የተደረገ ባሪየር አይጠቅምም። ይህን የማያውቅ ሰው ኮዱን «ለማፍጠን» ሲል አንዱን ያነሳና ስህተቱን ለሌላ ሰው ያወርሳል።

ሁለት እውነተኛ ስህተቶች

በ2015 አንድ ኤክስ86 ሰርቨር ላይ አንድ ፕሮግራም ቆሞ ተገኘ። ከተርሚናል ዳታ እየጠበቀ ነበር። ዳታው ግን የተርሚናሉ መቀበያ ማቆያ ውስጥ ገብቷል። ሲመረመር ቀስቃሹ ወገን ነገሩን ለማፋጠን «የሚጠብቅ አለ ወይ?» ብሎ አስቀድሞ ያይ ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን ባሪየር አልነበረም። ከላይ የተገለጸው የጠፋ ቅስቀሳ ማለት ነው። ማሽኑ አርም አልነበረም። «ኤክስ86 ላይ ይህ ነገር አይደርስም» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ያንን ስህተት ያገኘው ሰው እዚያ አላቆመም፤ ተመሳሳይ አጻጻፍ በሌሎች የከርነሉ ክፍሎችም ፈልጎ ማስተካከያ ላከ።

ሁለተኛው የ2016 ነው፤ ራሱ የስኬጁለሩ የቅስቀሳ ኮድ ውስጥ። ቀስቃሹ ስለ አንድ ሥራ ሁለት ነገር ያነባል። አንደኛ፣ ተኝቷል? ሁለተኛ፣ ለመሮጥ ዝግጁ የሆኑ ሥራዎች ወረፋ ላይ አለ? ሥራው ቀደም ሲል በሌላ ተቀስቅሶ ወረፋ ገብቷል፣ ሮጧል፣ አሁን ደግሞ «ልተኛ ነው» ብሎ ጽፏል እንበል። ቀስቃሹ ሁለቱን ንባቦች ካቀያየረ አዲሱን «ልተኛ ነው» ከአሮጌው «ወረፋ ላይ የለም» ጋር አጣምሮ ያያል። እንዲህ ያለ ጥምረት በእውነት ኖሮ አያውቅም።

ከዚያ ቀስቃሹ «ሥራው ከወረፋ ወጥቷል፣ ኮሩን ለቅቆ እስኪጨርስ ልጠብቅ» ብሎ ይሽከረከራል። ያ ሥራ ግን ኮሩ ላይ ነው። የሚጠብቀውም ቀስቃሹ የያዘውን ሎክ ነው። ሁለቱ ተያይዘው ቀሩ።

መፍትሔው በሁለቱ ንባቦች መካከል የገባ አንድ የንባብ ባሪየር ነበር። አንድ መስመር ኮድ፣ ከሱ በላይ ረጅም ማብራሪያ። ስህተቱ የታየው 80 ትሬድ በአንድ ጊዜ በሚያስኬድ ማሽን ላይ ነው፤ ሜሞሪው ሆን ተብሎ እንዲያንስ ተደርጎ፣ ከባድ ጫና ተጭኖበት፣ ከረጅም ሩጫ በኋላ።

ኤክስ86 ምን ይሰጣል? አርምስ?

ኤክስ86 የሚከተለው ሕግ ቶታል ስቶር ኦርደር ይባላል። አንድ ኮር የጻፋቸው ነገሮች ለሌሎች በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይታያሉ። ንባቦችም ተራቸውን የጠበቁ መስለው ይታያሉ። የሚፈቀደው መዛባት በመሠረቱ አንድ ነው፤ አሮጌ ጽሑፍ ስቶር በፈር ውስጥ እያለ አዲስ ንባብ ሊቀድመው ይችላል። የ2015ቱን ስህተት ያመጣው ይህ ነው። የ2016ቱ ዓይነት የንባብ መቀያየር ግን እዚያ አይታይም። ያ ባሪየር ኤክስ86 ላይ አንድም የማሽን ትእዛዝ አይጨምርም፤ ኮምፓይለሩን ብቻ ይገታል።

አርም ብዙ ይፈቅዳል። ሁለት ጽሑፎች ተገልብጠው ሊታዩ ይችላሉ። ሁለት ንባቦችም እንዲሁ። በምትኩ ፕሮግራመሩ የሚፈልገውን ቅደም ተከተል ብቻ የሚጠይቅበት ትእዛዝ አለው። ሪሊዝ የሚባል ጽሑፍ «ከእኔ በፊት የተሠራው ሁሉ ከእኔ በፊት ይታይ» ይላል። አኳየር የሚባል ንባብ «ከእኔ በኋላ ያለው ሁሉ ከእኔ በኋላ ይፈጸም» ይላል።

ስኬጁለሩ ይህን ጥንድ አንድ ሥራ ከኮር ወደ ኮር ሲዛወር ይጠቀምበታል። እያንዳንዱ ሥራ «አሁን ኮር ላይ ነኝ» የሚል ምልክት አለው። አሮጌው ኮር የሥራውን ሁኔታ አስቀምጦ ሲጨርስ ያንን ምልክት በሪሊዝ ወደ ዜሮ ይመልሳል። ቀስቃሹ በአኳየር እያነበበ ዜሮ እስኪሆን ይጠብቃል። ይህ ባይኖር አርም ላይ ምልክቱ ቀድሞ ታይቶ የተቀመጠው ሁኔታ ገና ያልታየ ሊሆን ይችላል። ሥራው በአሮጌ መረጃ ይነሳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መገመት አይቻልም።

ከሁሉ የባሰው በ1992 የወጣው አልፋ የተባለው ፕሮሰሰር ነበር። አዲስ አድራሻ አንብቦ፣ አድራሻው ላይ ያለውን አሮጌ ይዘት ሊያይ ይችላል። ሊነክስ ለእሱ ሲል ለረጅም ዓመታት የተለየ ባሪየር ተሸክሞ ኖሯል።

ሎክ ለምን አይበቃም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለአብዛኛው ፕሮግራመርም መልሱ «ይበቃል» ነው። ሰንጋ ተራ ካሉት የባንክ ሕንፃዎች በአንዱ ተቀምጦ በጃቫ የሚሠራ ሰው የቋንቋውን ሎኮች በአግባቡ ከተጠቀመ ከታች ያለውን ጣጣ ማየት የለበትም። ጃቫ ከ2004 ጀምሮ፣ ሲና ሲፕላስፕላስ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ፣ ፕሮሰሰሩ የትኛውም ይሁን የሚሠራ የተጻፈ የሜሞሪ ሕግ አላቸው። ባንክ ቤት «ሲስተም የለም» በተባልን ቁጥር ጥፋቱን ወደ ሜሞሪ ኦርደሪንግ መግፋትም አያስኬድም። ኔትወርክ አለ፣ መብራት አለ፣ ዳታቤዝ አለ።

ስኬጁለሩ ግን ከሎኮቹ በታች ነው። አንድ ሥራ ሎክ ሲያጣ የሚያስተኛው፣ ሎኩ ሲለቀቅ የሚያነቃው ራሱ ስኬጁለሩ ነው። በውስጡ የሚያስተኛ ሎክ ሊጠቀም አይችልም። እየተሽከረከሩ የሚጠብቁ ሎኮች አሉት። እያንዳንዱ ኮር የራሱ የሥራ ወረፋ አለው፣ ወረፋውም የራሱ ሎክ አለው። ለእያንዳንዱ ቅስቀሳ የሌላውን ኮር ሎክ መያዝ ግን ብዙ ኮር ባለው ማሽን ላይ መጨናነቅ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ምልክት ያለ ሎክ ይነበባል፤ የሚጠብቀውም ቅደም ተከተል ብቻ ነው።

ሎክ ራሱም ሰዎች የሚያስቡትን ያህል አይሰጥም። ኤክስ86 ላይ ሎክ መያዝ እግረ መንገዱን ሙሉ ባሪየር ነው። አርም ላይ አኳየር ብቻ ነው፤ ከሎኩ በፊት የተጻፈ ነገር ከሎኩ በኋላ ካለ ንባብ ዘግይቶ ሊታይ ይችላል። ለዚህ ነው ሊነክስ ከሎኩ ቀጥሎ የተለየ ባሪየር የሚያስቀምጠው። ኤክስ86 ላይ በነፃ ነው፣ አርም ላይ ይከፈልበታል።

ማን ይሸከመው?

አንደኛው ወገን ሸክሙ የሃርድዌሩ ይሁን ይላል። ቺፕ ሠሪዎች ጥቂት ናቸው፣ ፕሮግራመሮች ግን ብዙ። ጥቂቶቹ ተቸግረው ጠንካራ ቅደም ተከተል ቢሰጡ ሚሊዮኖች ያርፋሉ። አፕል ለዚህ ወገን ጥሩ ማስረጃ ሰጥቷል። ኤም1 ላይ ከኢንቴል የመጡ ፕሮግራሞች በሮዜታ 2 ተተርጉመው ሲሮጡ ፕሮሰሰሩ ወደ ኤክስ86ቱ ቅደም ተከተል የሚገባበት ሁነታ ተሠርቶለታል። ፈጣን ሆኖም ጠንካራ መሆን ይቻላል ማለት ነው።

ሌላው ወገን አብዛኛው ጽሑፍና ንባብ ቅደም ተከተል አያስፈልገውም ይላል። አንድ ኮር ለራሱ ብቻ የሚጽፈውን ሁሉ በሰልፍ ማስያዝ በቺፑ ላይ ቦታና ኃይል ማባከን ነው። የሚያስፈልገውን የሚያውቀው ፕሮግራመሩ ስለሆነ እሱ ይጠይቅ። ሪስክ-ፋይቭ የተባለው ሌላ የፕሮሰሰር ቤተሰብ መሃል ላይ ቆሟል፦ መሠረቱ ልል ነው፣ ጠንካራው በአማራጭ ይገኛል።

የሃርድዌሩ ወገን ክርክር ለተራው ፕሮግራም ያሳምናል። ለከርነል ግን ብዙ አይቀይርም። የጠፋ ቅስቀሳ በጠንካራው ኤክስ86 ላይም ስለሚደርስ ስኬጁለር የሚጽፍ ሰው ከማሰብ አያመልጥም። እንዲያውም ልሉ አርም አንድ ውለታ ይሠራል፤ ስህተቱን ቶሎ ያወጣል። ኤክስ86 ብዙውን ስለሚሸፍን ስህተቱ ለዓመታት ተደብቆ ይኖርና ኮዱ ሌላ ቺፕ ላይ ሲሄድ ይፈነዳል። ካፌው ውስጥ «ቺፑ ችግር አለበት» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስላል።

ሦስተኛ አቋምም አለ፣ ብዙ የሚደመጥ ግን አደገኛ፦ «ከተጠራጠርክ ባሪየር ጨምር»። ጥንዱ የት እንዳለ ሳያውቁ የጨመሩት ባሪየር ኮዱን ያዘገየዋል እንጂ አያስተካክለውም። የከርነሉ የኮድ መፈተሻ ማብራሪያ የሌለው ባሪየር ሲያይ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ወደፊት የሚጠበቀው

ስኬጁለሩ ራሱ እየተለወጠ ነው። ከ2007 ጀምሮ ያገለገለው የሥራ አመራረጥ ስልት በ2023 በወጣው ሊነክስ 6.6 ተተካ። በ2024 የወጣው 6.12 ደግሞ ሰዎች የራሳቸውን የስኬጁሊንግ ፖሊሲ ጽፈው በሚሮጥ ከርነል ላይ እንዲጭኑ ፈቀደ። ደግነቱ የቅስቀሳው መሠረት፣ ባሪየሮቹን ጨምሮ፣ በዋናው ኮድ ውስጥ እንደተጠበቀ ነው። ግን በብዙ ኮሮች መካከል ያለ ሎክ መረጃ የሚለዋወጥ አዲስ ኮድ የሚጽፍ ሰው ይበዛል። የቀድሞው ጥንቃቄ በጥቂት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ነበር።

መሣሪያው ግን ከድሮው ይሻላል። በ2018 ሊነክስ የራሱን የሜሞሪ ሕግ በኮምፒውተር ሊፈተሽ በሚችል መልክ አወጣ። ሁለትና ሦስት ኮር ያለበትን ሁኔታ በአሥር መስመር ጽፎ «ይህ ውጤት ይቻላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ፕሮግራሙ ሊሆኑ የሚችሉትን ቅደም ተከተሎች ሁሉ ዘርዝሮ ይመልሳል። ለዚህ አርም ማሽን አያስፈልግም፤ አምስት ኪሎ ያለ ተማሪ በማንኛውም ላፕቶፕ ይሠራዋል። በ2020 ደግሞ ኬሲሳን የተባለ፣ ከርነሉ እየሮጠ ሁለት ኮሮች ያለ ጥበቃ አንድ ቦታ ሲነኩ የሚያጋልጥ መሣሪያ ወደ ዋናው ከርነል ገባ፤ በ2022 የጎደሉ ባሪየሮችን አንዳንዶቹን ማየትም ጀመረ።

ሁለቱ የሚያዩት የተለያየ ነው። የመጀመሪያው በወረቀት ደረጃ ትንሽ ኮድን አሟጦ ይመረምራል፤ ሙሉ ስኬጁለር ግን አይችልም። ሁለተኛው ሙሉውን ከርነል ያያል፤ ግን በዚያ ሩጫ ላይ ያጋጠመውን ብቻ። ኮዱን ወደ አርም ሰርቨር ሊያዛውር ያሰበ ቡድን ሁለቱንም ቢጠቀም እንኳ እውነተኛ አርም ማሽን በሰዓት ተከራይቶ፣ ከባድ ጫና ጭኖ፣ ፈተናውን ለቀናት ደጋግሞ ማስኬድ ይኖርበታል። አንድ ጊዜ አልፎ «ይሠራል» የተባለ ፈተና እዚህ ላይ ምንም አያሳይም።